በእማዬ ስም የወጣ ሲም

«ይሄ ቁጥር የማነው?»

የፖሊስ ጣቢያው መርማሪ የስልክ ጥሪ ዝርዝር ያለበትን ወረቀት ወደ ሮሆቦት እናት አዞረው። ቁጥር፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ሰከንድ። አራት መስመሮች በቢጫ ቀለም ተሰምሮባቸዋል። ሮሆቦት ከእናቷ ጎን ሆና አንዱን እንዳየች አወቀችው። የያቤጽ ቁጥር ነው፤ የጓደኛዋ የሩሀማ ወንድም። ቱላ ውስጥ ስለተወሰደ የእርሻ መሬት ፌስቡክ ላይ ከጻፈ ወዲህ ይፈለጋል። አሁን ስልኩንም አጥፍቷል፤ የት እንዳለ የምታውቀው ሩሀማ ብቻ ናት።

ሩሀማ በራሷ ስልክ ደውላለት አታውቅም። በእረፍት ሰዓት «ሮሂ፣ ካርድ አልቆብኛል፣ አንዴ ስጪኝማ» ትላለች፤ ሮሆቦትም ትሰጣታለች። ለጓደኛ ስልክ የሚከለክል ማን አለ? ሲሙ የወጣው ግን በእናቷ መታወቂያ ነው። የአስራ አምስት ዓመት ልጅ ከየት አምጥታ መታወቂያ ታሳያለች? እንግዲህ በመንግሥት ወረቀት ላይ ደዋይዋ እናቷ ኤልሳቤጥ ናት፣ ፒያሳ ቁጭ ብላ ቀሚስ ስትሰፋ የምትውለው።

ኤልሳቤጥ ቁጥሩን አታውቀውም። የልጇን ፊት ግን ታውቃለች።

«ደንበኛዬ ነው» አለች። «ሱሪ እንዳሳጥርለት ሰጥቶኝ።»

መርማሪው አልተቆጣም፤ አለመቆጣቱ ይበልጥ ያስፈራ ነበር። ገጹን ገለጠ።

«ወይዘሮ ኤልሳቤጥ፣ አራቱንም ቀን ጠዋት አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ስልኩ የነበረው ትምህርት ቤቱ ጋ ነው። ሱቅዎ ፒያሳ አይደል? እኛ የምንፈልገው ልጁ ያለበትን የሚያውቅ ሰው ነው። ካልነገሩን እዚሁ ያድራሉ።»

በመርፌ የተበሳሱት የእናቷ ጣቶች የነጠላዋን ጠርዝ ማጠፍ ጀመሩ። ሮሆቦት ተናደደች፤ በመርማሪው ብቻ ሳይሆን በሩሀማም ጭምር። ለካ ካርድ ነበራት፤ የፈራችው በራሷ ቁጥር መደወሉን ነው! አራት ጊዜ ሙሉ ዋሽታታለች። አሁን ስሟን ብትጠራ እናቷን ይዛ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ሦስት ፊደል ነው፣ ሩ፣ ሀ፣ ማ።

ግን ሩሀማ ከመማሪያ ክፍሉ ጀርባ ግድግዳ ተደግፋ፣ አፏን በእጇ ሸፍና የምትለው ትዝ አላት። አራቱንም ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትጠይቀው። ወረቀቱ ሰከንዱን ይዟል፤ ይሄን አልያዘም።

«እኔ ነኝ የደወልኩት» አለች።

«ዝም በይ!» እናቷ ክንዷን ጨመቀቻት።

መርማሪው እስክሪብቶ አነሳ። «ጎበዝ። ምን አልሽው?»

«በልተሃል ወይ? አልኩት።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። አራቱንም ቀን እሱን ብቻ ነው ያልኩት።»

መርማሪው አዲስ ወረቀት ስቦ ስም ጠየቃት። ሮሆቦት ቀስ ብላ፣ ከነአባቷ ከነአያቷ ነገረችው። የራሷን ብቻ።