የሳሎኑ ፀሐይ

«ኧረ ዘቅዝቀሽ ሰቀልሽው!» አለች እናቷ፣ መጥረጊያ እንደያዘች በር ላይ ቆማ።

ፌንጣ ወንበር ላይ ቆማለች። እግሯ አርፎ ስለማያውቅ ነው ፌንጣ የሚሏት። አቧራ ልትወለውል የሳሎኑን ሥዕል ስታወርደው፣ ጀርባው ላይ አክስቷ በእርሳስ «ላይ» ብላ የጻፈችው ታች በኩል ሆኖ አገኘችው። ሥዕሉን የሰቀለው አባቷ ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስለሆነ ቤት ውስጥ ሚስማር የሚመታው እሱ ብቻ ነው።

«አሁን ገና ተቃና» አለች ፌንጣ።

አባቷ ፎጣ አንገቱ ላይ ጥሎ መጣ። «ፀሐይዋን ለምን መሬት ጣልሻት?»

«ፀሐይ መሆኗን ማን ነገረህ? ጀርባውን እየው እስቲ።»

አየው። «እህቴ ስትጽፍ ተሳስታ ነው» አለ፤ ቅንጣት ሳያፍር።

የሚያስቀው፣ የፌንጣም ዓይን እምቢ አላት። ሥዕሉ ላይ ያለው ቀይ ክብ ከላይ ሲሆን ፀሐይ ነው፤ ከታች ሲሆን የሆነ የፈሰሰ ነገር። ሥዕሉ በድምፅ ብልጫ ተመልሶ ተገለበጠ።

ሠዓሊዋ አክስት ዛሬ ለምሳ ትመጣለች። ሥዕሉን በሰው ከላከችው ወዲህ ቤታቸውን ረግጣ አታውቅም። ፌንጣ ደግሞ ትምህርት ሲዘጋ እሷ ጋ ሥዕል መማር ትፈልጋለች። «መጀመሪያ ላናግራት» ብላለች አክስት።

ምሳው ላይ አክስት አንገቷን አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ታዘነብላለች።

«አንገትሽን ያምሻል እንዴ?» አለ አባቷ። «ፀሐይሽን እያትማ! እሷን ሳላይ ሥራ አልሄድም እኮ።»

አክስት ወደ ፌንጣ ዞረች። «አንቺስ? ምን ይታይሻል?»

አባቷ ማንኪያውን አየር ላይ እንደያዘ አያት። «አደራሽን» የሚል አስተያየት ነው።

«ፀሐይ» አለች ፌንጣ። አባቷ ተነፈሰ። «ግን ስለለመድኩት ነው። አንቺ ስትስዪው ፀሐይ አልነበረም፤ ገልብጠን ነው የሰቀልነው።»

ማንኪያው ሳህን ላይ ወደቀ።

«ሳፋ ነው» አለች አክስት ቀስ ብላ ወንድሟን እያየች። «የእማዬ ቀይ ሳፋ። ግቢ ውስጥ።»

«ሳፋ?» አባቷ ጆሮው ድረስ ቀላ። «ይሄን ሁሉ ዓመት ሳፋ ነው ሰላም ስል የኖርኩት?»

እናቷ ሳቋ አመለጣት፤ አክስትም ተከተለቻት። አባቷ ግን አልሳቀም። ተነሥቶ ሥዕሉን ራሱ አዞረው፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎም ቆመ።

«ሳፋው ገና አልታየኝም» አለ።

«እኔም» አለች ፌንጣ። ሳህኗን አንሥታ፣ ከሥዕሉ ፊት ለፊት ወዳለው ቦታ ተዛወረች።