በአዝራር ቤት የተሸፈነ ጭቃ

ቀራፂው የሞተው ጭቃ በእጁ እንዳለ ነበር። በስቱዲዮው ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። አጠገቡ አንድ ከባድ የጀሶ ቅርጽ ለሁለት ተሰብሮ ወድቋል፤ ከአናቱ በላይ ደግሞ ባዶ መደርደሪያ አለ።

«ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው» አለ ሐኪሙ ቦርሳውን እየዘጋ። «ከላይ የወደቀበት ይመስላል።»

«ይመስላል» አለች መርማሪዋ።

ለወሬ የማትቸኩል ሴት ናት። መጀመሪያ ወንበር ላይ ወጥታ የላይኛውን መደርደሪያ አየች፤ አቧራው ከዳር እስከ ዳር ሳይነካ ተኝቷል። ከዚያ ተንበርክካ ታችኛውን አየች፤ በአቧራው መሀል ክብ ንጹሕ ቦታ አለ። ቀጥሎ የሟቹን ጣቶች ተመለከተች። ጭቃው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ቀኝ እጁ መቅረጫውን እንደጨበጠ ነው።

በክፍሉ መሀል፣ ከፍ ባለ ማቆሚያ ላይ፣ አንድ የሰው ራስ ቅርጽ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ ቆሟል። ጨርቁን ገለጥ አደረገችው። ጭቃው ገና መልክ አላወጣም፤ አፍንጫው ጉብታ፣ ዓይኖቹ ጉድጓድ ናቸው። ጨርቁ እንዳይነካው ሦስት ስንጥሮች ግንባሩና ጉንጮቹ ላይ ተተክለዋል። በግድግዳው ጥግ የቆሙት ሌሎቹ ጅምር ሥራዎች ግን በላስቲክ ከረጢት ነው የታሰሩት።

መልሳ ሸፈነችው።

አስከሬኑን ያገኘው ዘበኛው ነው። እንደ ደነገጠ ሰው ሁሉ ወሬው ከሩቅ ተነሣ።

«ይሄ ቤት ድሮ የአዝራር ፋብሪካ ነበር። ዛሬም ስጠርግ ከጣውላው ስንጥቅ አዝራር ይወጣል፤ ለሸሚዜ አዝራር ገዝቼ አላውቅም። የዛሬ ሠላሳ ዓመት መሥሪያ ቦታ ያጡ ሰባት ሠዓሊና ቀራፂ ገቡበትና ማኅበር አቋቋሙ። ሕጋቸው አጭር ነው፤ ኪራዩ አይወደድም፣ ሦስት ወር ያልተሠራበት ክፍል ለተረኛ ይሰጣል።»

«ከሰባቱ ማን ቀረ?»

«ዛሬ ያጣናቸው ሊቀመንበራችን ጋሼ፣ ነፍሳቸውን ይማርና። ሠዓሊዋ እትዬ። ሦስተኛው ሌላው ቀራፂ ነው፤ ድመቱ ነው የምንለው።»

«በምሳ ሰዓት ፎቁ ላይ ማን ነበር?»

«በሩን ቆልፌ ነው የምበላው፤ የውጭ ሰው አይገባም። እትዬ፣ ድመቱና የጋሼ የወንድም ልጅ ነበሩ። ልጁ አታሚ ነው።»

ሠዓሊዋ ነጠላ ጫማዋ ሳይቀር በሰማያዊ ቀለም ተጨማልቃለች። የሟቹን ሰፊ መስኮት እያየች ተቀመጠች።

«ሠላሳ ዓመት ይቺን መስኮት ተመኝቻለሁ። ብርሃኗ ቀኑን ሙሉ አይለዋወጥም። የኔ መስኮት ፊት ለፊቱ ግንብ ነው። ሰማያዊ የማበዛው ሰማይ ስለማላይ ይሆናል።»

«ይቀኑበት ነበር?»

«እንዴት አልቀናም? ግን ልጄ፣ ሰው የሚቀናበትን ሁሉ ቢገድል እዚህ ቤት ማን ይተርፍ ነበር?»

አታሚው ጣቶቹ በቀለም ጠቁረዋል፤ ዓይኖቹ ቀልተዋል። «አጎቴ ነው ያሳደገኝ። ክፍል ስለምነው ግን እንደ ባዕድ አራት ዓመት ተራ አስጠበቀኝ። እናቴ እስከ ዛሬ አኩርፋዋለች።»

«አንተስ?»

«እኔ አንጀቴ አረረ፤ አፌን ግን ዘጋሁ። እንዲያውም የጻፈውን የማኅበሩን ታሪክ ለሠላሳኛው ዓመት በዓል ያተምኩለት እኔ ነኝ። ዛሬ አምስት ሰዓት ላይ ነው ያስረከብኩት፤ ከሁለታችን በቀር ያነበበው የለም።»

«ጭቃውን ማን ሸፈነው?»

«እሱ ነዋ። እኔ ጭቃ አልነካም፤ ወረቀቴን ያበላሽብኛል።»

ድመቱ የሚሉት ቀራፂ ሽበታም፣ ቀጭንና ዝምተኛ ነው። እጅጌው እንደ ተጠቀለለ ነው፤ ከክርኑ እስከ አንጓው የሚወርድ የቆየ ጠባሳ ይታያል።

«እዚህ ክፍል መጨረሻ የገቡት መቼ ነው?»

«ሳምንት አልፎኛል።»

«ጋሼ የማኅበሩን ታሪክ ይጽፉ እንደነበር ያውቃሉ?»

«የራሱን ታሪክ በሉት» አለ ፈገግ ሳይል። «እኔማ ምን ቤት ነኝ? ስሜ እንኳን የለበትም።»

መርማሪዋ ማስታወሻዋን ዘጋች። ወደ ጠረጴዛው ሄዳ የታተሙትን ገጾች አንድ በአንድ ገለጠች። ከዚያ ከሟቹ ሽርጥ ኪስ የወጣውን፣ በጭቃ የራሰውን አንድ ወረቀት ዘርግታ ለረጅም ጊዜ አየችው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉንም በሟቹ ስቱዲዮ ሰበሰበቻቸው። አንድ ፖሊስ በሩ ላይ ቆመ። እሷ ጨርቁን ከነስንጥሮቹ ከጭቃው ላይ አንሥታ አጠገቡ ባለ የውኃ ባልዲ ጠርዝ ላይ ሰቀለችው፤ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተች። ነፋስ ገባ።

«ቤቱ እንዴት እንደተጀመረ ንገሩኝ» አለች። «አልቸኩልም።»

እትዬ ጀመረች። በክረምት ጣሪያው ሲያፈስ ሥዕሎቻቸውን በየተራ እንዴት እንዳሸሹ፣ በበጋ ከቆርቆሮው ሙቀት የተነሣ የአንዱ ጭቃ ሲደርቅ ያየ ሁሉ እንዴት ጨርቅ እያራሰ ያለብስ እንደነበር አወራች። «ስንጣላ እንኳን ጭቃ አናስደርቅም ነበር። የኩርፊያው ሕግ እሱ ነበር።» አታሚው አለቀሰ። ዘበኛው ጉሮሮውን ጠረገ። መርማሪዋ ሌላ ጠየቀች፤ እንደገና ሌላ። ግማሽ ሰዓት ሄደ።

ድመቱ አይሰማም። ዓይኑ ጭቃው ላይ ነው። የጭቃው ጆሮ ጫፍ መጀመሪያ ፈዘዘ፤ ቀጥሎ ነጣ። አንዴ እግሩን አነባበረ፤ አንዴ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ።

«ይሰነጠቃል እኮ» አለ በመጨረሻ ለማንም ሳይሆን።

ተነሣ። ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ነከረ፣ ጨመቀ፤ ጠረጴዛው ላይ ከነበረ ስንጥር ሦስት ሰበረና አንዱን በጭቃው ግንባር፣ ሁለቱን በጉንጮቹ ላይ ተከለ። ጨርቁን ሕፃን እንደሚያለብስ ሰው ቀስ አድርጎ ጣለበት። ዞር ሲል ሁሉም ያዩታል።

«አመል ያወጣል ከመሐል» አለ ዘበኛው በሹክሹክታ።

«ይቀመጡ» አለች መርማሪዋ። ድምፅዋ ከቅድሙ አልከረረም። «ጀሶው ከላይ አልወደቀም። የላይኛው መደርደሪያ አቧራ አልተነካም፤ ጀሶው የተነሣው ከጉልበት በታች ካለው ነው። እዚያ ያለ ዕቃ የቆመ ሰው አናት ላይ አይወድቅም። ስለዚህ ሰው አንሥቶታል። ሟቹ መቅረጫውን እንደያዙ ነው የሞቱት። እየሠራ ያለ ሰው ጭቃውን አይሸፍንም፤ የሞተም አይሸፍንም። የሸፈነው ገዳዩ ነው።»

«ማንም ሊሸፍነው ይችላል» አለ ድመቱ።

«ጋሼ የሚሸፍኑት በላስቲክ ነበር፤ ያውና ሥራቸው። ልጁ ጭቃ አይነካም። እትዬም ቀለም ነው የሚያውቁት፤ ስንጥር አይተክሉም። ጨርቁ አፍንጫውን እንዳይጫነው የሚጠነቀቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱንም አሁን አየነው። ደግሞ ሳምንት ሙሉ እዚህ አልገባሁም ብለውኛል። ታሪኩ እዚህ የደረሰው ዛሬ አምስት ሰዓት ላይ ነው። ስምዎ እንደሌለበት በምን አወቁ?»

ድመቱ መዳፎቹን ተመለከተ።

«በምሳ ሰዓት ገባሁ» አለ። «ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ‹ስድስታችን በዚያው ዕለት ማኅበሩን መሠረትን› ይላል። የስድስት ሰው ስም። ስድስት። ሰባተኛው እኔ ነኝ። እሱ ጀርባውን ሰጥቶኝ እያፏጨ የራሱን ሐውልት ይሠራል። ሠላሳ ዓመት ሊቀመንበር ሆነ፣ መስኮቷን ወሰደ፣ ዝም አልኩ። አንድ መስመር እንኳን ይንፈገኝ?» ወደ ማቆሚያው ዞረ። «ጭቃው ግን ምን አደረገ? ደርቆ ሲቀር ማየት አልቻልኩም።»

«ያነበቡት ገጽ ቁጥሩ ስንት ነበር?»

«ቁጥር አላየሁም።»

«ሁለት ነው። አንደኛው ገጽ ኪሳቸው ውስጥ ነበር።» የደረቀውን ወረቀት ሰጠችው።

ወንበሩ ላይ አስደግፎ አነበበው። ‹መስኮቱ ጠባብ ነበር። እኛ ስድስታችን ታች ቆመን ስንፈራ አንዱ ወጣ። መስታወቱ ክንዱን እየሰነጠቀው ገብቶ በሩን ከውስጥ ከፈተልን። ድመቱ ያልነው ያን ቀን ነው። ይህ ቤት የእሱ ነው፤ እኛ የገባነው ተከትለነው ነው። ፊቱን ሠርቼ በበዓሉ ቀን መግቢያው ላይ አቆመዋለሁ። እስከዚያ እንዳይነገረው።›

ገለበጠው። በጀርባው በእርሳስ የተነደፈ ወጣት ፊት አለ። ቁስሉ ገና ትኩስ የሆነ ክንድ በመስኮት ያልፋል።

እትዬ ፊቷን በሰማያዊ እጆቿ ሸፈነች። አታሚው ወደ ግድግዳው ዞረ።

ፖሊሱ ክንዱን ሲይዘው ድመቱ አልተቃወመም። በሩ ላይ ሲደርስ ግን ቆም ብሎ ወደ ዘበኛው ዞረ።

«ጨርቁን ጠዋትና ማታ አርጥበው» አለው። «የሚጨርሰው ሰው እስኪገኝ።»

«እሺ» አለ ዘበኛው። «አረጥበዋለሁ።»