የልጆቹ ስንቅ

በዚያ ዓመት ክረምቱ አልወጣም። መስከረም ጠብቶ ጥቅምት አልፎ ይዘንብ ነበር። የቆላ በሽታ የነበረው ንዳድ ደጋ ወጣ። ከእንፍራንዝ እስከ ወገራ ያልገባበት መንደር አልነበረም። ገብሱ ደርሶ አጫጅ አጣ። ሙት መጀመሪያ በቃሬዛ ወጣ፤ ኋላ በቁርበት ተጠቅልሎ ወጣ፤ በመጨረሻ የሚያወጣው ጠፋ። ጭስ የማይታይበት ቤት በዛ። መንገደኛ በእንዲህ ያለ ደጃፍ ሲያልፍ ስሙ የተጠራ ይመስለዋል፤ ዞሮ ግን አያይም።

አምባ ጊዮርጊስ አጠገብ ተክለ ጊዮርጊስ የሚባል ባለርስት ከነሚስቱ በዚሁ በሽታ ሞተ። ሦስት ልጆች ቀሩ፤ ሰባት ዓመት ያልሞላት እንኳየሁ፣ ታናሽ ወንድሟ ንብረት፣ ጡት ገና የጣለችው ዘመናይ። የአባታቸው ወንድም ባላምባራስ ክንዱ ጎንደር ቤቱ አመጣቸው። የእናታቸው አጎት መሪጌታ ገብረ ሚካኤል ግን ልጆቹን በማኪና ተከዜን አሻግረው፣ ሽሬ ለሚኖሩት አያታቸው ለእማሆይ ለተ ማርያም ሊያስረክቡ ወሰኑ። እማሆይ የመሪጌታ እኅት ናቸው።

ጉዞው በባላምባራስ ቤት ተመከረበት። ሕፃን ይዞ ሊማሊሞን መውረድ ቀላል ነገር አይደለም። ዝናቡ መንገዱን በየቦታው ንዶታል። በረሃው ላይ ንጹሕ ውኃ አይገኝም። ማደሪያው፣ ውኃው፣ ስንቁ፣ ልጆቹ የሚቀመጡበት ቦታ ሳይቀር ተነጋገሩበት። ደባርቅ ያድራሉ፤ ጭጋጉ ሲገፈፍ ይወርዳሉ፤ ቆላውን ፀሐይ ሳለች ያልፋሉ። የነቢያት ጾም ስለ ነበር ስንቁ ሁለት ሆነ። ለአዋቂዎቹ በስልቻ ደረቅ በሶ፣ ጾም ለማይዛቸው ለልጆቹ በአገልግል በቅቤ የተለወሰ በሶ።

በመነሻው ቀን ማለዳ ማኪናው ደጅ ቆሞ መሪጌታ አልወጡም። ያደሩት ከስንቁ ጋር ዕቃ ቤት ነበር። በሩ ሲከፈት ሞተው ተገኙ። የነፍስ አባታቸው አባ ወልደኢየሱስ ሊገንዙ መጡ፤ ሬሳውን አዩና ግንዘቱን አቁመው ፖሊስ ጣቢያ ሰው ላኩ።

የመጣው ሃምሳ አለቃ ሀዳነ ነበር። ቀጭን፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነው። ሲጠይቅ የሰውን ዓይን አያይም፤ እጁን ያያል።

«ንዳድ ነው» አለ ባላምባራስ ክንዱ፣ ጋቢውን አፉ ድረስ ሰብስቦ። «ወንድሜንም የጨረሰው እሱ ነው። ለዚህ ፖሊስ ምን ያደርጋል?»

ሀዳነ ከሬሳው አጠገብ ተንበረከከ። መንጋጋው ተቆልፏል። ጀርባው እንደ ቀስት ተለምጦ ደርቋል።

«ንዳድ ሰው ያንቀጠቅጣል፤ እንዲህ አያጎብጥም» አለ። «ይህ መርዝ ነው።»

ባላምባራስ ጋቢውን ከአፉ አወረደ። «እንግዲያ ሾፌሩን ያዘው። ትናንት ከመሪጌታ ጋር ሲጨቃጨቁ ሰፈር ሰምቷል። ስልቻውን ያሰረው እሱ ነው። መሪጌታ ከበሶ ሌላ በጾም ምን ይቀምሳሉ?»

ሀዳነ የመሪጌታን ቀኝ እጅ አንሥቶ ጣቶቹን አሸተተ። መልሶ በቀስታ ደረታቸው ላይ አኖረው። አገልግሉንና ስልቻውን በዓይኑ ለካ። ሰዎቹ ሲወጡ ጠብቆ አገልግሉን ራሱ በነጠላ ጠቅልሎ በስውር አወጣው፤ ስልቻውን እዚያው ተወው።

ሾፌሩ ሐዲስ ከማኪናው ጎማ ሥር ተቀምጦ ነበር።

«ከሟቹ ጋር ምን አጣላህ?»

«የልጆቹ መቀመጫ። እኔ ጋቢና ይግቡ፣ ብርዱ ይገድላቸዋል አልሁ። እሳቸው ጭነቱ ላይ ይሁኑ፣ ማኪናው ወደ ገደል ሲያዘነብል ወርውሬ አተርፋቸዋለሁ አሉ። 'መሪጌታ፣ እርስዎ ዳዊት ደግመው እንጂ ልጅ ወርውረው ያውቃሉ?' አልኋቸው። ሳቁ። ጠብ ያለው ማን ነው?»

«ባላምባራስ።»

«እሱ መቼ ነገር ይረሳል።»

«በስንት ብር ተስማማችሁ?»

«በነጻ ነው።»

«ምነው? ነዳጅ ከሰማይ ይዘንብልሃል?»

ሐዲስ መሬቱን ጫረ። «በጠላት ጊዜ፣ እኔ በዚህ በንብረት ዕድሜ ሳለሁ፣ ወገኖቼ ሲሸሹ ታምሜ መንገድ ላይ ቀረሁ። ተክለ ጊዮርጊስ ጎረምሳ ነበር። አዝሎ ሊማሊሞን አወጣኝ። ማኪና ከያዝሁ ወዲህ 'አያ ተክሌ፣ አንድ ቀን እንኳ ልጫንህ' እለዋለሁ፤ 'መሬቴን ትቼ የት ልሂድ' ብሎ ይስቅብኛል። ሞቱን አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ላይ ሰማሁ። ዕዳው እንዳለ ነው፤ ተበዳሪው እኔ ነኝ፣ አበዳሪው አፈር ገባ።»

ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ብታስረኝ እሰረኝ። ግን ልጆቹን እዚህ ቤት አትተዋቸው» አለ።

«ለምን?»

«አላውቅም። ንብረት እዚህ ቤት ከገባ ወዲህ አይናገርም።»

ሀዳነ የቤቱን ገረድ ጥሩን ጓሮ አገኛት። ዓይኗ አብጧል።

«ስንቁን ማን ሠራ?»

«ደረቁን በሶ እኔ ፈጨሁ። የልጆቹን እሜቴ የዓለምወርቅ በእጃቸው ለወሱት። ኮሰረት፣ ኮረሪማ፣ ሁሉን ጨመሩበት። ልጅ የላቸውም፤ እንደ እናት ነው የሠሩት።»

«ከዚያ በኋላ ማን ነካው?»

«ዕቃ ቤቱ ክፍት ነበር፣ ጌታው። ሁላችንም እንወጣ እንገባ ነበር።»

«መሪጌታ ሲገኙ ሌላ ያየሽው ነገር አለ?»

ጥሩ አመነታች። «ድመቷም ሞታለች። እግራቸው ሥር ነበረች። ባላምባራስ አመድ ላይ ጣያት አሉኝ።»

ሀዳነ ራሱን ነቀነቀ። ወደ ጆሮዋ ቀረብ ብሎ አንድ ነገር አዘዛት። ደነገጠች፤ ግን እሺ አለች።

እንኳየሁ ታናሽ እኅቷን አዝላ ደጃፍ ቆማ ነበር። ንብረት የቀሚሷን ጫፍ ይዟል።

«እንኳየሁ እናቴ፣ መሪጌታ ስለ መንገዱ ምን አሉሽ?»

«ማኪና ሲያዞርሽ ሎሚ አሽትቺ አሉኝ። ውኃ ስታዩ አትጩኹ አሉ፣ ተከዜ ላይ።»

«ጋሼ ክንዱስ?»

«አገልግሉን ከዛሪማ በፊት እንዳትከፍቱ አሉኝ። ንብረት ቢያለቅስም። ቆላ ስትደርሱ ብሉ አሉ።»

«ለመሪጌታም እንዲህ አሏቸው?»

«አይ፣ ለእኔ ብቻ። በጆሮዬ።» ልጅቱ ወደ ዕቃ ቤቱ ተመለከተች። «አያ ፖሊስ፣ መሪጌታ እዚያ ቆመው ያዩናል። እማዬም በፊት እንደዚያ ታደርግ ነበር። አሁን አትመጣም።»

ሀዳነ ዞሮ አየ። በሩ ባዶ ነበር። ቢሆንም ቆቡን አወለቀ።

የጾሙ መፍቻ ሰዓት ደረሰ። ቤቱ እህል ሳይቀምስ ውሏል። ወይዘሮ የዓለምወርቅ ጥግ ይዛ ታለቅሳለች፤ ከቤቱ የተሠራ ነገር ሁሉ አስጠልቷት የሊጡን ቡሃቃ እንኳ አስደፍታለች። ጥሩ ከጎረቤት የለመነችውን ሽምብራ ትቆረጥማለች። ሐዲስ ከኪሱ ቆሎ አውጥቶ ከጠርሙሱ ውኃ ጠጣበት። አባ ወልደኢየሱስ ግድግዳ ተደግፈው ዳዊት ይደግማሉ። በአንዱም አፍ የመንገዱ ስንቅ አልገባም።

ባላምባራስ ክንዱ ግን ጥሩን ጠራ። «ራሴን አዞረኝ። በሶ በጥብጭልኝ።»

«ከየትኛው፣ ጌታዬ?»

«ከስልቻው ነዋ! ሌላ በሶ አለ እንዴ?»

ጥሩ ከስልቻው ዘግና በጠበጠች። ባላምባራስ ጽዋውን በአንድ ትንፋሽ ጨልጦ አስቀመጠ። ሀዳነ በመስኮት በኩል ያይ ነበር። ከዚያ አባ ወልደኢየሱስን ወደ ግቢው አወጣቸው።

«አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። የንስሐ ምስጢር ከሆነ አይንገሩኝ።»

«ጠይቅ።»

«መሪጌታ ጾሙን ትተው ነበር?»

አዛውንቱ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ንዳዱ ይዟቸው ገና መልቀቁ ነበር። አቅም የላቸውም። እስኪያገግሙ ቅቤም ወተትም ይቅመሱ ብዬ ፈታኋቸው። ይህ ምስጢር አይደለም፤ የእኔ ፈቃድ ነው። እሳቸው ግን አፈሩ። ሰው ሳያየኝ ካልሆነ አልቀምስም አሉኝ።» ዳዊታቸውን ዘጉ። «እኔ ነኝ የገደልኋቸው?»

«እርስዎ አይደሉም። ማን እንደሆነ አሁን ይታያል።»

የተገነዘው አስከሬን በአዳራሹ መካከል ተጋድሟል። ከመውጣቱ በፊት ሀዳነ የቤቱን ሰው ሁሉ ሰበሰበ። አገልግሉን አምጥቶ መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ሁላችሁም ገዳዩን የፈለጋችሁት በስልቻው በኩል ነው» አለ። «መሪጌታ ሊቅ ናቸው፤ በጾም ቅቤ አይነኩም ብላችሁ ነው። እኔ ግን ጣታቸውን አሸተትሁ። ኮሰረት ያለው ቅቤ ነው። እግራቸው ሥር ድመት ሞታ ነበር። ድመት ደረቅ በሶ ትበላለች?»

«መሪጌታ በቅቤ? ሐሰት!» አለ ባላምባራስ።

«ታመው ነበር፤ አባ ፈትተዋቸዋል። ሊነጋ ሲል ተደብቀው ከልጆቹ ስንቅ ቀመሱ። ስለዚህ መርዙ የተቀመጠው ለእሳቸው አልነበረም። ከዚያ አገልግል የሚበሉት ጾም የማይዛቸው ብቻ ናቸው። ሦስቱ ልጆች።»

ወይዘሮ የዓለምወርቅ ጮኸች። አባ አማተቡ።

«ልጆቹ ቆላ ገብተው ቢሞቱ ማን ይጠይቃል? በዚህ ዓመት? ንዳድ ነው ይባላል፤ በመንገድ ዳር ይቀበራሉ። አገልግሉ ከዛሪማ በፊት እንዳይከፈት በልጅቱ ጆሮ የተነገረው ለዚህ ነው። የተክለ ጊዮርጊስ የወገራ ርስት ያን ጊዜ ለማን ይተርፋል?»

«የሕፃን ወሬ!» አለ ባላምባራስ። «ሾፌሩስ?»

«ልድረስበት። ከቀትር በፊት መርዝ ነው ብያለሁ፤ በየትኛው ስንቅ እንደነበር ግን ለማንም አልተናገርሁም። እርስዎም ራስዎ ስልቻውን ነው የጠረጠሩት። ሾፌሩ ስልቻውን አልነካም። ገረዷ አልነካችም። ሚስትዎ ሊጡን እንኳ አስደፍታለች። የማያውቅ ሰው ሁለቱንም ይፈራል። በሶው ንጹሕ መሆኑን አውቆ የጠጣ አንድ ሰው ነው።»

«ርቦኝ ነው!»

«ሁላችንንም ርቦናል፣ ባላምባራስ።»

ሀዳነ አገልግሉን ከፈተ። የቅቤው ሽታ በአስከሬኑ ላይ አለፈ።

በዚህ ጊዜ ወይዘሮ የዓለምወርቅ ተነሣች። «ምነው፣ አንተ ሰው! ይህን እኔ ነኝ የለወስሁት! ለወንድሙ ልጆች መርዝ የሚሰጥ ባል የለኝም። ጾሙን እግዜር ይፍታኝ፣ ይኸው!» ብላ ከአገልግሉ ዛቀችና ወደ አፏ አነሣች።

ባላምባራስ ክንዱ ዘሎ እጇን መታው። ጉርሻው ግድግዳው ላይ ተለጠፈ።

ሴቲቱ የተመታ እጇን ይዛ ባሏን አየችው። ከዚያ ግድግዳውን አየች።

«ያ ንጹሕ ነው» አለ ሀዳነ በቀስታ። «ጥሩ ዛሬ የለወሰችው ነው። እርስዎ የመረዙት ጣቢያ ተቆልፎበታል።»

ባላምባራስ መሬት ላይ ተቀመጠ። «ለጅብ የገዛሁት ነው...» አለ። «ሕመሙ አይቆይም ብለውኝ ነበር። ሁሉም ሰው ሲሞት ነበር። እነሱ ብቻ ለምን...»

የዓለምወርቅ ፊቷን ወደ አስከሬኑ አዞረች። ከጣቢያ የመጡ ፖሊሶች ባሏን ሲያወጡት ቀና ብላ አላየችም።

መሪጌታ ተቀበሩ። በማግስቱ ማኪናው ተነሣ። ጥሩ ዘመናይን ታቅፋ ጋቢና ገባች፤ አዲሱን ስንቅ የዓለምወርቅ ራሷ እየቀመሰች ነበር ያሰረችው። እንኳየሁ ከበሩ ሸርተት ብላ ክፍት ቦታ ተወች።

«ምነው አጣበብሽን?» አለ ሐዲስ።

«የመሪጌታ ነው።»

ሐዲስ ክርኑን ሰብስቦ ነዳ። ደባርቅ አደሩ። ሊማሊሞን ጭጋጉ ሲገፈፍ ወረዱ፤ መንገዱ በተናደበት ሁሉ ልጆቹን እያወረደ፣ ማኪናውን ባዶውን እያሳለፈ፣ ተመልሶ አንድ በአንድ እያዘለ ያሻግራቸው ነበር። ንብረት በጀርባው ላይ ሳለ «ማኪናው ይወድቃል?» አለው። ከስንት ቀን በኋላ የተናገረው የመጀመሪያው ቃል ነበር። ዛሪማን ሳይቆሙ አለፉ። ተከዜ ላይ ማንም አልጮኸም።

ሽሬ ሲደርሱ እማሆይ ለተ ማርያም ደጃፍ ቆመው ነበር። እጃቸውን በየልጁ ራስ ላይ አሳረፉ። ከዚያ ወደ ጋቢናው አዩ።

«ወንድሜስ?»

«የልጆቹን ስንቅ ቀድመው ቀመሱላቸው፣ እማሆይ፤ እሳቸው አረፉ» አለ ሐዲስ።

አሮጊቷ መቋሚያቸውን ተደግፈው አማተቡ። አላለቀሱም።

«አንተስ የማን ነህ?»

«ተክለ ጊዮርጊስ አዝሎ ሊማሊሞን ያወጣኝ ልጅ ነኝ።»

እማሆይ ቀረብ ብለው ፊቱን በእጃቸው ዳበሱት፤ ከዚያ አቧራ የጠጣ ትከሻውን ዳበሱ።

«እንግዲያ አንተም ልጆቹን አውርደሃል። ከዛሬ ወዲያ ዕዳ የለብህም፣ ልጄ» አሉት።

ሐዲስ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።