የአስካለ ቦይለር

የበደለችኝ አስካለ ናት፣ ስሟን አልደብቅም፤ ጊዜው በፈረንጆቹ ዘጠና አምስት ማብቂያ፣ ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ፣ ምድር ቤቷን ተከራይቼ ስኖር ነው። እኔ ጥላ አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ የሚለኝን ሰው ሁሉ «እንቅልፍ አጥተህ ነው» ብዬ የምሸኝ ሴት ነኝ፣ እመኑኝ፣ ዛሬም አልተለወጥኩም፣ የሆነብኝን ግን አልክድም።

ከአልጋዬ አጠገብ፣ ከስስ ግድግዳ ማዶ፣ ቤቱን በሙሉ የሚያሞቅ አሮጌ የጋዝ ቦይለር ነበር። መጀመሪያ ላይ እፍ ብሎ ነበር የሚለኮሰው፣ ብርዱ ሲጠና ግን «ድም!» እያለ አልጋዬን ያነቃንቀው ጀመር፣ ከዚያ ደግሞ ያጉረመርማል።

«አስካልዬ፣ ይኼ ነገር ጤነኛ አይደለም፣ ሰው ጥሪና ቼክ ያድርገው» አልኳት።

«አንቺ ደግሞ! አገር ቤት በቦይለር ነው ያደግሽው? አርጅቶ ነው፣ ያስለዋል፣ ተይው።»

እሷ የምትፈራው ንፋስ ነው። ከቦይለሩ በላይ፣ ከጣሪያው ሥር፣ ወደ ውጭ የተከፈተ የአየር መግቢያ ነበር፣ ልጇ ሜሮን ከኮሌጅ ለእረፍት ስትመጣ አስካለ «ልጄን ብርድ ይመታብኛል» ብላ መሰላል ወጥታ ብርድ ልብስ ጠቀጠቀችበት፣ በላዩም ጣውላ በብሎን አሰረችበት። ከዚያ ወዲህ ሦስታችንንም ራስ ምታት ያዘን። አስካለ «ምች ነው» እያለች ዳማከሴ ታሸናለች፣ እኔ ስለ ቦይለሩ እነዘንዛለሁ፣ በመጨረሻ ቤተ ክርስቲያን ሴቶቹን ሰብስባ «የኔ ተከራይ እኮ ከቦይለር ጋር ታወራለች» አለቻቸው። ሳቁብኝ። ከኋላቸው ቆሜ ነበር።

የዚያ ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ገብቼ፣ የአረጋውያን መጦሪያ ነበር የምሠራው፣ ዩኒፎርሜን ሳላወልቅ ጋደም አልኩ። ውጭ ዝናብ ነው። ቦይለሩ ድም ይላል፣ ራሴም አብሮት ድም ይላል፣ እጄን ላነሳ ብል ከበደኝ። ከዚያ ዝም አለ። እውነቴን ነው፣ ከጩኸቱ ይልቅ ዝምታው ነው ያስፈራኝ። ቀጥሎ በነጠላ ጫማ የሚሄድ ሰው ሰማሁ፣ ሸርተት፣ ሸርተት፣ ወደ ቦይለሩ፤ የዛገ ብሎን ሲፈታ እንደሚለው ሲጥ ሲጥ አለ፤ ከዚያ እግሩ ወደኔ ተመለሰና በሬ ቀስ ብሎ ተንኳኳ።

«አስካለ፣ በማርያም ልተኛበት!»

«ተነሺ» አለኝ የሴት ድምፅ። ቁጣ የለበትም፣ ልጅ ለትምህርት ቤት እንደሚቀሰቅስ ሰው ነው። «ልጅቷን አውጪያት።»

ግድግዳ ይዤ በሩን ከፈትኩ፣ ማንም የለም። ከደረጃው ሥር ብርድ ልብሱ በሥርዓት ተጣጥፎ ተቀምጧል፣ ብሎኖቹ በላዩ ተደርድረዋል፣ ጣውላው ግድግዳ ተደግፏል፣ የዝናብ ሽታ ያለው ቀዝቃዛ ንፋስ ፊቴን መታኝ።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ላይ ቤት አስካለ ግንባሯን በሻሽ አስራ ሶፋ ላይ ተዘርራለች፣ ሜሮን መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ታስመልሳለች።

«ተነሽ የኔ ልጅ፣ እንውጣ።»

«አይ ካንት፣ አልችልም እትዬ።»

በብብቷ ይዤ ጎተትኳት። አስካለ እየተንገዳገደች ተከተለችን፣ «እብድ! ያላባት ያሳደግኳትን ልጅ ዝናብ ላይ? ልትገድያት ነው?»

«አፍሽን ዝጊና አንቺም ውጪ!»

ጎረቤት አይቶን ለአደጋ ጥሪው፣ ለናይን ዋን ዋን ደወለ። የጋዝ ኩባንያው ሰውዬ መጥቶ የጋዝ መለኪያውን ይዞ ሲወርድ የመለኪያው ጩኸት እኛ ድረስ ተሰማ። ቦይለሩን ዘግቶ ዳግም እንዳይለኮስ ቀይ ወረቀት አሰረበት። ራስ ምታቱ ምች ሳይሆን አየር አጥሮት የተቃጠለው ጋዝ መርዝ ነው አለን፣ የሚሸት ነገርም የለውም፣ መግቢያው እንደተደፈነ ቢቆይ ኖሮ አንዳችሁም አትነሱም ነበር።

«ማን ከፈተው?» አለ።

እናትና ልጅ እኔን አዩኝ፣ እኔም እነሱን። መሰላሉ ጋራዥ ውስጥ ተቆልፎበታል፣ ቁልፉ እንደ ልማዷ አስካለ ጡት ሥር ነው። ሁለቱም ወደ ታች አልወረድንም ብለው ማሉልኝ፣ አምናቸዋለሁ፣ መቆም እንኳ አቅቷቸው ነበር።

ድምፁን ደግሞ አላውቀውም። የሞቱብኝን ሴቶች አንድ በአንድ አስቤያለሁ፣ የማናቸውም አይደለም። የእናቴ ቢሆን እንኳ ይቀለኝ ነበር።

በማግስቱ እሑድ አስካለ ለነዚያው ሴቶች «ማርያም ቀስቅሳኝ ሁለቱን ጎትቼ አወጣኋቸው» ስትል ሰማኋት። ባሏ ሞቶባት፣ ሁለት ሥራ እየሠራች የገዛችው ቤት ነው፣ በገዛ እጄ ልጄን ልገድላት ነበር ብሎ ማውራት ለማንም ከባድ ነው። ይገባኛል። ይቅር ግን አላልኳትም።

በዚያው ሳምንት ዕቃዬን ጭኜ ሳን ሆዜ ገባሁ። የጋዝ ማንቂያ ደወል ገዝቼ በሜሮን ስም በፖስታ ላክሁ። አስካለ ስትደውል አላነሳሁም።