በረግረጉ ላይ የቆመው አጥር

አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ለምስጢር ርክክብ ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም፤ ሰው በሰው ላይ ሲደራረብ፣ ማን የማንን ኪስ እንደነካ የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው።

«ድርጭት» የመሃሉን ምሰሶ ይዞ ቆመ። ይህ የስለላ ስሙ ነው። ለሰው ዓይን ግን የከተማዋን የትራንስፖርት ዕቅድ የምትመራው መሐንዲስ ሹፌር ነው። ሁለት ዓመት መኪናዋን ነድቷል። ተልዕኮው የአዲሱን ባቡር መስመር ዕቅድ አስቀድሞ ለመሬት ነጋዴዎች የሚሸጠውን ሰው ማግኘት ነበር።

የትምባሆ ትንፋሽ ማጅራቱን ዳሰሰው። አለቃው። «ዋርካ»።

«እሷ ናት» አለ ዋርካ፣ ዓይኑን ከመስኮቱ ሳይነቅል።

«ማስረጃው?»

«ኪስህ ገብቷል። ከገዢዎቹ ጋር የምትነጋገርበት ስልክ ነው። ቦርሳዋ ውስጥ ትከተዋለህ፤ ሐሙስ ትፈተሻለች።»

ድርጭት ኪሱን ዳበሰ። የእሷ ስልክ ከሆነ በዋርካ እጅ ምን ይሠራል?

መሐንዲሷ አንድ ልማድ ነበራት። መስመሩን በአውቶቡስ ቆማ ሳትሄድበት እርሳስ አታነሣም። በቅርቡ እንዲህ ሄዳ ተመልሳ መኪናው ውስጥ እንደገባች፣ «የባቡሩ ፌርማታ ወደ ክሊኒኩ ይጠጋ፤ ነፍሰ ጡሮቹ ዳገቱን በእግራቸው እየወጡ ነው» ብላው ነበር። እሱም እንደ ደንቡ በሪፖርት ለዋርካ አሳለፈው። ብዙም ሳይቆይ ክሊኒኩ አጠገብ የቆርቆሮ አጥር ቆመ። የሰፈሩ ተከራዮች ዕቃቸውን ተሸክመው ወጡ።

አንድ ውሸት ድንገት ከድርጭት አፍ አመለጠ።

«ሐሳቧን ቀይራለች። ፌርማታው ወደ ረግረጉ ዞሯል።»

«ማን ያውቃል?»

«እሷና እኔ።»

«አሁን ደግሞ እኔ» አለ ዋርካ። ፈገግ ብሎ ወረደ።

በማግስቱ መሐንዲሷ ከኋላ ወንበር ሆና በመስታወቱ አየችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ፊትህ የተቀጣ ተማሪ መስሏል። ሚስትህ አባረረችህ እንዴ?»

«ሚስት የለኝም፣ እትዬ።»

«ውይ ምስኪን! የሚያባርርህ እንኳ የለህም!» ከት ብላ ሳቀች። ዳቦዋን ለሁለት ገምሳ ትልቁን አቀበለችው። ከዚያ ሳቋ ከሰመ። «ያንን አጥር አየኸው? ለእነዚያ ሴቶች ያልኩት ፌርማታ እነሱኑ ነቀላቸው። ምላሴን በቆረጠው።»

ቦርሳዋ ከፊት ወንበር ላይ፣ አጠገቡ፣ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። አምናው እንደዚያ መተው ልማዷ ነው።

ስልኩ ኪሱ ውስጥ እንደ ፍም አቃጠለው። አላወጣውም።

ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል። እሑድ ወደ ረግረጉ ሲወርድ፣ እንቁራሪት እንኳ ተጸይፎ በሚሸሸው ጭቃ ላይ አዲስ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል። ጥበቃው የሰመጠ ቦቲውን ለማውጣት ይታገላል።

«ወንድሜ፣ ምን ሊሠራበት ነው?»

«እኔ እንጃ፤ የገበያ አዳራሽ ይላሉ። ለዳክዬዎች ይሆናላ!»

ድርጭት መሳቅ አልቻለም።

ይህን ቦታ መሐንዲሷ በአፏ ጠርታው አታውቅም። ውሸቱን የሰማው ዋርካ ብቻ ነው።

የክሊኒኩን ሰፈር ያሸጠውም የእሱ የራሱ ሪፖርት ነበር።

ሁለት ዓመት ሲፈልገው የኖረው፣ ምስጢር የሚሾልክበት ቀዳዳ እሱ ራሱ ነበር።

ለእንዲህ ያለው ቀን የተቀመጠ ሌላ በር ነበር፤ አንዲት ልብስ ሰፊ፣ ከዋርካ በላይ ላሉት በቀጥታ የምትሠራ። የራሱን ድርሻ ሳያሳንስ ሁሉን ነገራት።

«ስልኩን መልስ» አለች፣ የስፌት መኪናዋን ሳታቆም።

«ለማን?»

«ለባለቤቱ ነዋ!»

ሐሙስ ጠዋት። ያው አውቶቡስ፣ ያው ግፊያ።

«አስገባህ?» አለ ዋርካ።

«ገብቷል።»

«ማንም አላየህም?»

ስልኩ ጮኸ።

ከዋርካ ኮት ውስጥ።

ዋርካ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደና ደረቀ። ከኋላ ወንበር ልብስ ሰፊዋ የራሷን ስልክ ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች ተነሣች።

«አታነሣውም? ቁጥርህን የሰጠኝ ረግረጉን የገዛው ሰውዬ ነው። በጣም ተናዶብሃል።»

መንገደኛ መስለው የቆሙ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ክንዱን ያዙት። ዋርካ ሲያልፍ ወደ ድርጭት ጆሮ ዘንበል አለ።

«የሸጥኩትን ሁሉ ያቀበልከኝ አንተ ነህ።»

እውነት ነበር።

ከሰዓት በኋላ መሐንዲሷ መኪናው አጠገብ ቆማ ጠበቀችው። ማንነቱን ነግረዋታል። ቁልፉን በሁለት እጁ አቀበላት። ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ጀርባህን አምኜ ከኋላህ ተቀመጥኩ» አለች። «ሌባ ነሽ ወይ ብለህ ብትጠይቀኝ ምን ነበር?»

«ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ።»

«እኔንስ ተወኝ። የክሊኒኩን ሴቶች ምን ትላቸዋለህ?»

የዋርካ ክስ ረግረጉን ያስመልሳል፤ የተበተነውን ሰፈር ግን ማን ይሰበስበዋል?

አዲሱ ትእዛዝ ደርሶታል። ሌላ ከተማ፣ ሌላ ሙያ፣ ሌላ ስም። የአውቶቡስ ሰልፍ ውስጥ ገባ፤ ተሳፍሮም አንድ ባዶ ወንበር አገኘ። በሚቀጥለው ፌርማታ አንዲት ነፍሰ ጡር፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ እያለከለከች ወጣች።

«ወንድሜ፣ ክሊኒኩ ጋ ይደርሳል?»

«ይደርሳል፣ እህቴ።»

«ተመስገን። ድሮማ ጎረቤቴ ነበር፤ አጥሩ ሳይመጣብን።»

ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀላት።

«ተባረክ» አለችው።

አሜን ማለት አቃተው። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ ምሰሶውን ጨብጦ፣ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ቆሞ ሄደ። ማንም ልብ አላለውም።