የተቆለፈው የስሜት ሣጥን

የአንጎል ሐኪሙ ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ ሞቶ ተገኘ፤ ወንበሩ ላይ ደገፍ ብሎ፣ ባለሽቦ የምርመራ ቆቡን እንዳጠለቀ። ሰው ሁሉ ደስ እንዲለው ሲለፋ የኖረ ሰው፣ የልብ መድኃኒት በውሃ ተበጥብጦለት ሄደ። ደግነት ጋሻ አይሆንም።

ውሃውን በየጧቱ የምታስገባው ጽዳት ሠራተኛዋ ነበረች። ፖሊሶቹ ሌላ አላሰቡም፤ እጇን በካቴና አሰሩ። ድሃን መጠርጠር መች ያደክማል!

መርማሪዋ መጣች። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ቀጭን ናት፣ ትወጋለች።

«እማማ፣ ውሃውን ያስገቡት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ! ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ልጄ ትናንት ወልዳለች፤ የልጅ ልጄን ሳላይ ልታሰር ነው እንዴ?»

መርፌ ወደ ሐኪሙ ረዳት ዞረች፤ ስድስት ዓመት አብራው የሠራች ወጣት ናት።

«ዛሬ ከአራት ሰዓት በፊት ክፍሉ ገብተሽ ነበር?»

«በፍጹም። ቆቡን ካጠለቀ እስከ አራት ሰዓት ማንም አይረብሸውም። በሰዓቱ ስገባ ሞቶ አገኘሁት፤ እማማም ከኋላዬ ገብተው ጮኹ።»

ሦስተኛው ሠራተኛ የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው። «እኔ የደረስኩት ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ ዘበኛው ጽፎታል» አለ። «ካርዴን ጣልኩና ቀጥታ ወደ ሥራዬ።»

«የምን ካርድ?»

«የወንድሜ ሕግ ነው። ጧት ስንገባ ስሜታችንን በስሙ ጠርተን እንጽፋለን፤ ሰውነታችን የት ላይ እንደተሰማን፣ ለምን እንደሆነም። ስሜትህን ስትጠራው አንጎልህ ውስጥ ያለው የፍርሃት ደወል ይረጋል ይላል... ይል ነበር። እኛማ ከመልመዳችን የተነሣ ሳንጽፍ እጃችን ሥራ አይዝም።»

«ካርዶቹ የታሉ?»

«ዘበኛው አጠገብ፣ የተቆለፈው ሣጥን ውስጥ። ቁልፉ ወንድሜ አንገት ላይ ነው፤ የቀኑን ካርድ ማታ ማታ እሱ ያወጣ ነበር።»

የረዳቲቱ ከንፈር ደረቀ። መርፌ አየች።

ቁልፉን ከሟቹ አንገት ፈትታ ሁሉንም በሩ ጋ ሰበሰበች። ሣጥኑ ውስጥ ሦስት ካርድ ተደራርቧል። ከታች ያለው ሥዕል ነው፤ ዶሮና አንዲት ጫጩት።

«የኔ ነው» አለች ጽዳት ሠራተኛዋ። «ፊደል አላውቅማ! ሐኪሙ ‹አንቺ ሳዪልኝ› ብሎኛል።»

«ከላይ ያለው የወንድምየው ነው» አለች መርፌ፤ «‹ድካም፣ ወገቤ ላይ፣ እንቅልፍ ስላጣሁ›። የገባው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ መሃል ያለው ከሦስት ሰዓት በፊት ተጥሏል፤ ሬሳው ሳይገኝ። ይህ የማን ጽሑፍ ነው?»

ወንድምየው አንገቱን አስግጎ አየ። «የእሷ ነው።»

መርፌ አነበበች። «‹ጸጸት። ቀኝ እጄ ላይ። ውሃውን ስሰጠው ተባረኪ ስላለኝ።›»

ወደ ረዳቲቱ ዞረች።

«ክፍሉን አልረገጥኩም አልሽኝ። መድኃኒቱን ጨምረሽ ብርጭቆውን አቀበልሽው። እጅሽ ሲንቀጠቀጥ እሱ ባስተማረሽ መንገድ አረጋጋሽው። ቁልፉን በኋላ ወስጄ ካርዱን አወጣለሁ ብለሽ ነበር፤ ሬሳውን ቀድመሽ ያገኘሽው ለዚያ ነው። እማማ ከኋላሽ ገብተው ሲጮኹ ሳይሆንልሽ ቀረ።»

«የምርምር ውጤት ፈጥሬ መጻፌን ደረሰበት» አለች ረዳቲቱ። «ነገ ለሁሉም ሊናገር ነበር። ስድስት ዓመቴን!»

ካቴናው ከአንዷ እጅ ወጥቶ ሌላዋ ላይ ገባ። ጽዳት ሠራተኛዋ ወደ ልጇ ልትሮጥ ነጠላዋን አጣፋች፤ በሩ ላይ ስትደርስ ግን ዞር አለች።

«ልጄ፣ ተባረኪ ያለሽ እኮ ከልቡ ነበር።»

የረዳቲቱ ቀኝ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ካርድ የሚያቀብላት አልነበረም።