የጎርዳን መሐላ

በኤልዛር መንግሥት ሰባቱ የንጉሥ ጉድጓዶች በአንድ ቀን ጠለቁ። ውሃው ገመድና ባልዲ ወደማይደርስበት ጥልቀት ሸሸ። ሊቃውንቱ የቁጣ ምልክት ነው ብለው ጾም አወጁ። ከብረት ቀጥቃጩ ከጎርዳን ዘንድ ሙያ የምትማረው ሐመልማ ግን ከአንዱ ጉድጓድ አፍ ተንበርክካ፣ ጠጠር እየጣለች ጥልቀቱን ስትለካ ዋለች።

«አባባ፣ ሳሮሞች ውሃን ሽቅብ ያስኬዳሉ ይባላል። ሄደን ብንጠይቃቸውስ?» አለችው ጎርዳንን።

ሳሮም ከተራራው ማዶ ያለ የጥንት ጠላት አገር ነው። ጎርዳን ደግሞ የማይሰነጠቀውን የኤልዛር ብረት ምስጢር ሊጠብቅ በእሳት ፊት የማለ ሰው ነበር። ምስጢሩን ለባዕድ የገለጠ፣ እሳቱ የዓይኑን ብርሃን ይወስድበታል። ይህን ለሐመልማ ነግሯት አያውቅም።

«እንሂድ፣ ልጄ» አላት።

በሦስተኛው ቀን የተራራውን በር የሚጠብቀው ዘንዶ ዑራድ የድንጋይ ቅርፊቱን እያንኳኳ ተነሣባቸው። ጎርዳን መዶሻውን ሲያነሣ ሐመልማ ክንዱን ያዘችው። «እዚህ ብቻህን ማንን ትጠብቃለህ?» አለች።

ዘንዶው ወደ እሷ ዞረ። «ንጉሣችሁ ነበር ጠብቅ ያለኝ። መቶ ዓመት ሙሉ ጦር ይዞ የመጣ እንጂ የጠየቀኝ የለም። ንጉሡ ደኅና ነው?»

«እሱማ ድሮ ሞቷል። የነገረህ ሰው የለም እንዴ?» እንባዋ መጣ።

ዑራድ ራሱን መሬት ላይ አሳርፎ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ከዚያም ጥጉን ይዞ አሳለፋቸው።

የሳሮሟ መሐንዲስ ናርዲት ሥዕሎቿን ሁሉ ፊታቸው ዘረጋች። «መንኮራኩሩ ውሃውን በቧንቧ ይገፋል። የእኛም ጉድጓዶች ግን ዘንድሮ ጠለቁ፤ ግፊቱ ሲበረታ ብረታችን ይሰነጠቃል። ስልሳ ጊዜ ሞክረናል። እናንተ እንዴት ነው የምታቀልጡት?»

ጎርዳን ሥዕሉን ይዞ መመለስ ይችል ነበር። በመስኮቱ ግን ከቅጠል ላይ ጤዛ የሚልሱ ሕፃናት ይታዩት ነበር።

«እሳት አንድዱ» አለ።

ሦስት ቀን አስተማራቸው። በሦስተኛው ቀን ጉጠቱን ሊያነሣ እጁን ቢሰድ አየር ጨበጠ።

«አባባ! ምን ሆኑ?»

«ምንም አይደል፤ እጄን ወደ ጉጠቱ ምሪልኝ። ብረቱ ሳይቀዘቅዝ እንጨርስ።»

መሐላውን የነገራት ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ በመንገድ ላይ ነበር።

የሁለቱ አገር እጅ የሠራው ቧንቧ በኤልዛር ሲተከል ውሃው እየተንጎራጎረ ወጣ። ሕዝቡ በእልልታ ሲያብድ ሐመልማ ከጎርዳን አጠገብ ቁጭ ብላ ታለቅስ ነበር።

«ቀደም ብለው ለምን አልነገሩኝም?»

«ትከለክይኝ ነበራ።» እንባዋን በአውራ ጣቱ ጠረገላት። ከዚያ የሚንቀጠቀጠውን ቧንቧ ዳበሰ፤ ጣቶቹ አንድ እጥፋት ላይ ቆሙ፤ ፊቱም በራ። «ቆይ፣ ናርዲት እዚህ ጋ ለምን አጠፈችው? እስቲ አስረጂኝ።»

ሐመልማ እጁን በእጇ ያዘች፤ ከታች፣ ውሃው ከሚነሣበት ጀምራ አስረዳችው።